«ጨ» እና «ሲ» የተጣሉበት ክረምት

እህቴ ከትንሹ ልጇ ትምህርት ቤት የተሰጣትን ወረቀት ያመጣችው በሰኔ መጨረሻ፣ እኔ ሱቄ ውስጥ አንድ ስልክ ፈትቼ ብሎኖቹን እንደ ወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ እየደረደርኩ ሳለ ነው። የቀኝ ላይኛው፣ የቀኝ ታችኛው፣ የመሃሉ አጭር። ወረቀቱን ብሎኖቹ ላይ ጣል አደረገችው። ሳነሳው ግማሾቹ አብረው ተነስተው ተቀላቀሉ።

«ክረምቱን ትልቋን ልጄን የምታስጠናት አንተ ነህ» አለችኝ። «እንግሊዝኛ ታውቅ የለ?»

እንግሊዝኛ ማወቅ ከተባለ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቋረጥኩ በኋላ ከስልክ መመሪያና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ብቻዬን የለቀምኩት ነው። አነባለሁ። ሲነገር ግን ብዙም ሰምቼው አላውቅም። እኔ በአማርኛውም ቢሆን ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ይህንን ላስረዳት አፌን እስክከፍት ድረስ እህቴ ወጥታ፣ ደጅ ካቆመችው የባጃጅ ሹፌር ጋር በኦሮምኛ መከራከር ጀምራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ሁለት ልጆች አሏት። ባሏ የጅቡቲ መንገድ የመኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ሁላችንም የምንኖረው አባቴ ቤት ነው። ትልቋ ልጅ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው እዚሁ ከሚሴ፣ ለቤታችን ቅርብ በሆነው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የሚማሩት በኦሮምኛ ሲሆን የሚጽፉትም በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። ትንሹ ልጅ ደግሞ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ገብቶ አንደኛን አጠናቋል። እህቴ ጠዋት ጠዋት አንዷን ወደ ታች አንዱን ወደ ላይ ማድረስ ስለታከታት፣ ሁለቱንም የግሉ ትምህርት ቤት ለማስገባት ወሰነች። ትምህርት ቤቱ ግን ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት በነሐሴ መጨረሻ ትፈተናለች አለ። ካልቻለች ሁለተኛን ትደግማለች። ሁለተኛ ክፍል ማለት ደግሞ ታናሽ ወንድሟ የሚገባበት ክፍል ነው።

ይህንን ለልጅቷ ያበሰራት ራሱ ወንድሟ ነው።

«ከወደቅሽ አጠገቤ ነው የምትቀመጪው» አላት ቁርስ ላይ። «ላጲስ ግን አላውስሽም።»

ቁርሷን ትታ ተነሳችና ደብተሯን ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አጎቴ፣ መቼ ነው የምንጀምረው?»

ወረቀቱን ያን ጠዋት በትክክል አነበብኩት። «በቤት ውስጥ የሚከናወኑ የመማር ተግባራት» ይላል ከላይ። ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ የእኛን ቤት እንዳላየ ግን እርግጠኛ ነኝ። በፍሪጅዎ በር ላይ ማግኔት ያላቸውን ፊደላት ይለጥፉ ይላል። ፍሪጅ የለንም። ከልጅዎ ጋር ኬክ እየጋገሩ መለኪያዎችን ያስተምሩ ይላል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አብረው ያንብቡ ይላል። የእኛ ቤት ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው አባቴ ከዙሁር ሰላት በኋላ ከጎረቤቱ ሽማግሌ ጋር ጫት ይቅማል፤ በሁለተኛው እህቴ ለገበያ የምታወጣው ልባሽ ጨርቅ እስከ ጣሪያ ድረስ ተቆልሏል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሐምሌ ላይ የጨፋ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮ ሥር ማንበብ ወፍጮ ቤት ውስጥ ከማንበብ አይለይም።

ከእያንዳንዱ ተግባር ፊት ለፊት ባዶ ሳጥን አለ። ተግባሩ ሲፈጸም ወላጅ ምልክት ያደርጋል። ወረቀቱን ገልብጬ ሳይ ሳጥኖቹ በሙሉ ምልክት ተደርጎባቸዋል።

«ይሄን ማን ነው የሞላው?» አልኩ።

«እኔ» አለች እህቴ።

«ገና አንዱንም አልሠራነውም እኮ።»

«ትሠሩታላችሁ። ምን ያስቸኩልሃል?»

«እኔ ነኝ የቸኮልኩት?»

«ኬኩን ቂጣ አድርገው» አለችኝ፣ የጠየቅኳትን ትታ። «መለኪያ መለኪያ ነው።»

በወረቀቱ ላይ እኛ ቤት ሊሠራ የሚችል የሚመስል አንድ ተግባር ነበር። የቤት ዕቃዎችን ስም በእንግሊዝኛ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ልጅቷ እያነበበች በየዕቃው ላይ እንድትለጥፍ ማድረግ። ይህ ደስ አለኝ። ካርቶን በእኩል መጠን ቆረጥኩ፣ ፊደሎቹን በማስመሪያ ቀጥ አድርጌ ጻፍኩ፣ ፕላስተር ሰጠኋት። በር፣ አልጋ፣ መስኮት፣ ኩባያ፣ ሳጥን። ድመታችን በሩ ሥር ተጠቅልላ ስለነበር እሷንም ጨመርኳት፤ c, a, t ብዬ። ከዚያ ሱቅ ሰው ስለፈለገኝ ሄድኩ።

ስመለስ የአባቴ ቤት ሳቅ በሳቅ ሆኖ ጠበቀኝ። አባቴና ጎረቤቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። በመሃላቸው አንድ እስር ጫት አለ። ጫቱ ላይ፣ በእኔ ቀጥ ያለ ጽሑፍ፣ ድመት የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ፤ ለከሚሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። በቁቤ c የምትባለው ፊደል «ጨ» ናት። ምንጊዜም «ጨ» ናት። ስለዚህ የቁቤ ልጅ c, a, t ሲሰጧት የምታነበው ጫት ብላ ነው። በጥንቃቄ ካየነው a አንድ ብቻ ስለሆነች በደንቡ «ጨት» መባል ነበረበት፤ ለጫት a ሁለት ትደረደራለች። ግን ጨት የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ የለም። ጫት አለ። ልጅቷ አስባ ነው የለጠፈችው።

«እንግሊዝም ጫት ነው የሚለው?» አለ አባቴ፣ ወረቀቱን እያሻሸ።

«ከኛ ወስደውት ነዋ» አሉ ጎረቤታችን። «እነሱ አገር በቅሎ ያውቃል?»

«ካት ነው!» አለ ትንሹ ልጅ ከበሩ። «ድመት ማለት ነው። እኛ ኬጂ ነው የተማርነው።»

«አንተ ዝም በል፤ ታላቅህ ናት» አለው አባቴ።

«አባ፣ እውነቱን ነው» አልኩ። «ድመት ነው የሚለው።»

አባቴ ወረቀቱን አየ፣ ጫቱን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄ ድመት ነው?»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ድመት ቃምን እንበላ» አሉ ጎረቤታችን፣ እንባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ።

የቀረውን ሐምሌ ያበላሸብኝ ይህ ቀልድ ነው። አባቴ ጫቱ ሲመጣለት «ነይ እስቲ ልጄ፣ ያቺን ድመት አቀብዪን» ይላል። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ በእንግሊዝኛ አንብቢላቸው» ይላታል። እሷ ታነባለች፣ እንግዳው ይስቃል፣ «ማሻአላህ፣ ሸጋ ልጅ» ይባላል። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ «ካት» ስላት ማንም አይስቅም። ልጅ ደግሞ የሚሳቅለትን ቃል ነው የሚይዘው። ድመታችን ድምጿን ሳታሰማ ከወረቀቱ ወጣች፤ ጫቱ ስሟን ወስዶ ቀረ።

ሌሎቹም ቃላት ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም። ኩባያዋን «ጩፕ» ብላ አንብባ፣ ጩፕ ምን እንደሆነ ስላጣችው እናቷን ጠይቃ፣ እናቷም ስላጣችው ወረቀቱን መደርደሪያ ላይ ጥላዋለች። በቁቤ x «ጠ» ስለሆነች ሳጥኑን «ቦጥ» ብላዋለች። አልጋውን ግን በትክክል ለጥፋዋለች፤ እሱ በሁለቱም አንድ ዓይነት ይነበባል። ይህ የባሰ ነው። ሁሉንም ብትስት ኖሮ ከመጀመሪያው አስጀምራት ነበር። አንዳንዱን ስለምታገኝ የቱ ላይ ትክክል እንደሆነች የቱ ላይ እንዳልሆነች ራሷም አታውቅም።

ቁጭ ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ።

«በእንግሊዝኛ ይህቺ ፊደል ‹ሲ› ናት ስሟ፤ የምትነበበው ‹ክ› ተብላ ነው።»

«ስሟ ሲ ከሆነ ለምን ክ ትላለች?»

«እንደዚያ ነው።»

«ሁልጊዜ ክ ናት?»

እዚህ ላይ አዎ ማለት ነበረብኝ። ብዙ ሰው አዎ ይል ነበር። እኔ ግን እርግጠኛ ያልሆነ ነገር አፌ ላይ አይቆምም። «ሁልጊዜ አይደለም» አልኳት። «አንዳንዴ ስ ትሆናለች። ‹ፔንስል› በሚለው ውስጥ ስ ናት።»

ልጅቷ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «በቁቤ ጨ ጨ ናት» አለች በእርጋታ። «ይሄኛው ይዋሻል።»

ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ቁቤ ያየሽውን አንብቢ ይላል፤ እንግሊዝኛ ያየሽውን ትተሽ የሰማሽውን አንብቢ ይላል። እኔ ደግሞ አልሰማሁትም። ያ ነገር በዚያው ሳምንት ተጋለጠ። ቢላዋ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጽፌላት፣ ከፊቱ ያለችውን k ጨምሬ «ክናይፍ» ብዬ አስተማርኳት። ዓመታት ሙሉ በልቤ እንደዚያ ነበር የማነበው። እህቴ ስልኳ ላይ አንድ ድምፅ ያለው መዝገበ ቃላት በሆነ ሰው አስጭናላት ነበር፤ ልጅቷ ቃሉን ስትጫነው ስልኩ «ናይፍ» አለ። ደግማ ተጫነችው። ደግሞም ናይፍ።

ቀና ብላ አየችኝ። በዓይኗ ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ ዘመድ ያገኘች ነበር የምትመስለው።

«አጎቴ፣ አንተንም ቁቤ ይዞሃል?»

እህቴ ልብስ እያጠፈች ሳቀች። እኔ ቢላዋው ላይ ያለውን ወረቀት ልጬ አወጣሁት።

በነሐሴ መጀመሪያ ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጥ፣ ከወረቀቱ ሌላ ተግባር መረጥኩ። ከልጅዎ ጋር በእግር እየተጓዙ የመንገድ ላይ ጽሑፎችን ያንብቡ ይላል። ለዚህስ ከከሚሴ የተሻለ ከተማ አይገኝም ብዬ ነበር። የመሥሪያ ቤቶቹ ሰሌዳ ላይ ከላይ በቁቤ፣ ከሥሩ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አንዱን ከሌላው እያስተያየች ትለያለች አልኩ። ከመናኸሪያው ጀምሮ በዋናው አስፋልት ዳር ጭቃውን እየዘለልን ሄድን።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ጎበዝ ነበረች። የቁቤውን መስመር ዝናብ እንደሚወርድ ታወርደዋለች። ወደ እንግሊዝኛው ስትመጣ ግን ፍጥነቷን ሳትቀንስ ትገባበታለች። አንድ የጤና ተቋም በር ላይ ቆማ ጮክ ብላ «ጭሊኒጭ» አለች።

ተሳፋሪ የሚጠብቅ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አወጣ። «እህቴ፣ ጭሊኒጩ ውስጥ መርፌ ይወጋሉ?»

ልጅቷ ደነገጠች። ቤት ውስጥ ሲሳቅላት ኖሯል፤ መንገድ ላይ ሲሳቅባት ግን የመጀመሪያዋ ነው። ከንፈሯን ነክሳ እስከሚቀጥለው ሰሌዳ ድረስ ሄደች። የሚቀጥለው የአንድ ማኅበር ሰሌዳ ነበር፤ ከላይ በቁቤ ጨፋ የሚል ቃል አለበት። ልጅቷ የተወለደችበት፣ ከደጃችን ጀምሮ እስከ ቦርከና ወንዝ ድረስ የሚታየን ሜዳ ነው ጨፋ። በሕይወቷ ከጻፈቻቸው የመጀመሪያ ቃላት አንዱ እሱ ነው። ጣቷን ቀስራ፣ የተማረችውን አስታውሳ፣ በጥንቃቄ አነበበችው።

«ከፋ» አለች።

ሹፌሩ ባጃጁን እየነዳ ከኋላችን ደርሶ ነበር። «ከፋማ ከጅማ ወዲያ ነው» አላት። «እኛ ገና አልከፋብንም።»

ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበችው። እስክንመለስ ድረስ አልገለጠችውም። ቤት ስንደርስ የቁቤ መጽሐፏን አውጥታ አንድ ገጽ ለማንበብ ሞከረች፤ ከዚያ ሌላ ገጽ። በየ c ፊደሉ ላይ ትቆማለች፤ ሁለቱን ድምፆች አፏ ውስጥ ታስቀምጣቸውና አንዱንም ሳታወጣ ትዘልለዋለች። ባለፈው ወር እንደ ውኃ ታነበው የነበረው መጽሐፍ ነው።

እህቴ ከገበያ መጥታ ሰማቻት። ፌስታሉን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«እንግሊዝኛ አስተምርልኝ ነው ያልኩህ። ያላትን አጥፋባት አልኩህ?»

«አላጠፋሁባትም።»

«እና ይሄ ምንድን ነው?»

ምን እንደሆነ ባውቅ እነግራት ነበር። ያን ቀን በሁሉም ነገር ተናደድኩ። በወረቀቱ ጸሐፊ፣ በአባቴ ቀልድ፣ በባጃጁ ሹፌር፣ ላቲን የሚባለውን ፊደል አንዱን ዓይነት ለሁለት ቋንቋ በሰጠው ሰው። ከሁሉም በላይ ልጅቷ በምንም ሳትናደድ መጽሐፉን ዘግታ እጇን ታጥባ ወደ ቁርኣን ቤት በመሄዷ ተናደድኩ።

ቁርኣን ቤቱ ከቤታችን ጀርባ ነው፤ ልጆቹ ቁርኣን ሲቀሩ ድምፁ በግድግዳው ያልፋል። ሥራዬን ይዤ ተቀምጬ ሳዳምጥ ድምጿን ለየሁት። አንድ ጊዜም አልቆመችም። አረብኛም ለእሷ ባዕድ ቋንቋ ነው፤ ፊደሉ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፤ ግን ቁቤ ውስጥ ገብቶባት አያውቅም። ቁቤም እሱ ውስጥ አልገባም። ስትመለስ ጠየቅኳት።

«አረብኛን ከሌላው የማትደባልቂው ለምንድን ነው?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «እዚያማ ቢስሚላህ ብዬ ነው የምጀምረው።»

«እሺ?»

«ቢስሚላህ ስል አፌ ያውቃል።» ትንሽ አሰበች። «የእንግሊዝኛ ቢስሚላህ የለም?»

«ቢስሚላህ ለሁሉም ነው» አለ አባቴ ከውስጥ። «ለእንግሊዝኛም በይ።»

«ለሁሉም ካልኩት በምን እለየዋለሁ፣ አባባ?»

ያን ጥያቄ ስትጠይቅ አንድ ነገር ታየኝ። በትምህርት ቤቷ ፊደል ሲቆጥሩ «አ፣ በ፣ ጨ» ብለው ነው የሚጀምሩት። እንግሊዝኛው «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ይላል። ሦስቱ ያው ፊደሎች ናቸው፤ ስማቸው ነው የሚለየው። ማንኛውንም ነገር ከማንበቧ በፊት የዚያን ቋንቋ ሦስት ፊደሎች በዝግታ እንድትል አደረግኳት። ቁቤ ከሆነ «አ፣ በ፣ ጨ»፤ እንግሊዝኛ ከሆነ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ»። ከዚያ ታነባለች።

ወዲያው ሠራ ማለት አልችልም። ለጥቂት ቀናት ሦስቱን ፊደል ትልና ከዚያ ያው ጩፕ ትላለች። ወንድሟ «ኤ፣ ቢ፣ ጩፕ» እያለ ተከትሏት ይዞር ነበር። ግን ቀስ በቀስ ያዘላት። መጀመሪያ የቁቤው ተመለሰ፤ መጽሐፏን ሳትዘልል አነበበች። ቀጥሎ እንግሊዝኛው መጣ። ስ የምትሆነውን c እስከ መጨረሻው አላመነቻትም፤ ባየቻት ቁጥር ፊቷን ታኮሳትራለች፤ ግን ታነባታለች። የቃሉን አነባበብ ከስልኩ አብረን እንሰማለን፤ እኔም ከኋላዋ እደግማለሁ። አባቴ አንድ ከሰዓት «ያቺን ድመት አቀብዪን» ሲላት «ጫት ነው፣ አባባ» አለችው። ጎረቤታችን ቅር አላቸው።

የፈተናው ቀን እህቴ፣ ልጅቷና እኔ ሄድን። ፈታኟ ወጣት መምህርት ናት፤ ፊቷ ደስ ይላል። ልጅቷን ከጠረጴዛው ጎን አቁማ አንድ ገጽ ሰጠቻት። ስለ አንዲት ላምና ስለ አንድ ልጅ የሚያወራ አጭር ታሪክ ነው። ልጅቷ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» አለችና ጀመረች። ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳተች፤ አንዱን ራሷ አረመችው።

«በጣም ጥሩ» አለች መምህርቷ። «ሦስተኛ ክፍል ከሚገቡት ብዙዎቹ እንደዚህ አያነቡም።» ከዚያ ሌላ ወረቀት አነሳች። «አሁን አማርኛውን።»

ልጅቷ ወረቀቱን ተቀበለች። አየችው። ከዚያ እኔን አየች።

እዚያ ላይ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ልጅቷ አማርኛ የምትናገረው ከእኛ ሁሉ አቀላጥፋ ነው፤ ሹፌር አባቷን በስልክ የምትቆጣው በአማርኛ ነው። ፊደል ግን ማንም አስቆጥሯት አያውቅም። በትምህርት ቤቷ አማርኛን ገና አልጀመሩም። ክረምቱን ሙሉ ከአንዲት c ጋር ስንታገል፣ እኔ እንኳን፣ ብሎን በተራ የምደረድረው ሰው፣ ይሄ ትዝ አላለኝም። ከሱቅ ሰሌዳ የለቀመቻቸውን ጥቂት ፊደሎች እየፈለገች አገኘች፤ «መ» አለች፣ «ሰ» አለች፣ ከዚያ ቆመች።

«ማንበብ አትችልም?» አለች መምህርቷ ለእህቴ። «ስትመዘገብ ‹አማርኛ ትችላለች ወይ?› ብለን ጠይቀንዎት ‹አዎ› ብለውን ነበር።»

«ትችላለች እኮ» አለች እህቴ። «ስንገባ በምን ነበር ያወራችሽ?»

«ንባቡን ማለታችን ነው።»

«ንባቡን ነው ብትሉኝ ንባቡን እነግራችሁ ነበር። ትችላለች ወይ አላችሁኝ፤ ትችላለች።»

መምህርቷ አልተቆጣችም። ሦስተኛ ክፍል ከእንግሊዝኛ በቀር ሁሉም ትምህርት በአማርኛ እንደሆነ፣ ልጅቷ ጎበዝ ብትሆንም መጽሐፉን ሳታነብ ዓመቱን ሙሉ እንደምትቸገር፣ ሁለተኛ ክፍል ብትገባ ግን በአንድ ዓመት እንደምትደርስ በቀስታ አስረዳች። የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። እህቴ በመጨረሻ «መርሃባ» ብላ ተስማማች። ልጅቷ ወረቀቱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችው። ቤት ስንገባ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ «እሺ፣ ላጲስ አውስሻለሁ» አላት፤ እሱ በልጅነቱ ሊያጽናናት ነው። አልፋው ገባች።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት እህቴ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዩኒፎርም አልብሳ በአንድ ባጃጅ ሰደደቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ተቀምጣ ሻይ ጠጣች። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ትንሹ ልጅ ብቻውን መጣ።

«እህትህስ?» አለችው እናቱ።

«በሩ ላይ ወርዳ ሄደች።»

«ወዴት?»

«ወደ ታች።»

«እና ጠዋት ለምን ለመምህር አልነገርክም?»

«አትናገር አለችኝ» አለ፣ ጫማውን እያወለቀ። «ታላቄ ናት አላለም አባባ?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «ሂድና አምጣልኝ። እየጎተትክም ቢሆን።»

የት እንዳለች ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ ወርጄ በክፍሎቹ መስኮት እያየሁ ሄድኩ። ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል ሌላ ቀለም ዩኒፎርም የለበሰችው እሷ ብቻ ስለሆነች ወዲያው አገኘኋት። ከፊት ሁለተኛው መደዳ ላይ ቆማ የቁቤ መጽሐፍ ታነባለች። መምህሩ አይቶኝ ወደ መስኮቱ መጣ።

«ስሟ ካለፉት ጋር አለ» አለኝ በኦሮምኛ። «ልብሱን ብቻ ነገ ትቀይር።»

ልጅቷ ንባቧን አላቋረጠችም። ቀና ብላ አንዴ አየችኝ፤ ሳቅ የለም፣ ልመናም የለም፤ መልሳ ወደ መስመሯ ገባች። እጎትታታለሁ ብዬ የመጣሁት ሰውዬ እዚያው መስኮቱ ላይ ተደግፌ ገጹን እስክትጨርስ ሰማኋት። ከዚያ ብቻዬን ተመለስኩ።

«የታለች?» አለች እህቴ።

«ክፍሏ ናት።»

«የትኛው ክፍል?»

«ሦስተኛ።»

እህቴ ብዙ ነገር ተናገረች፤ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ። ስለ ባጃጁ፣ ስለ ዩኒፎርሙ፣ ነገ ጠዋት እንደገና ወደ ላይና ወደ ታች ስለ መሮጥ፣ አንድ ልጅ ማምጣት ስለማይችል ወንድም። ሲደክማት ቁጭ አለች። «እንግዲያው ፊደሉን አንተ ታስቆጥራታለህ» አለችኝ። «እኔ ሁለተኛ እንደዚያ አላፍርም።»

በዚያው ሳምንት ጀመርን። ካርቶን በእኩል መጠን ቆረጥኩ፣ በማስመሪያ አሰመርኩ፣ የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች ጻፍኩላት። ይሄኛው እንኳን አይዋሽም አልኳት፤ ያየሽውን ታነቢያለሽ። ደስ አላት። «ሀ» አልኳት፤ «ሀ» አለች። «ለ» አልኳት፤ «ለ» አለች። ሦስተኛው ካርቶን ላይ ጣቷን አስቀመጠች።

«ይሄስ?»

«ሐ» አልኳት።

የመጀመሪያውን ካርቶን አንስታ ከሦስተኛው አጠገብ አደረገችው፤ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

«ሀ አላልከኝም ነበር?»

«እሱም ሀ ነው።»

«እና በምንድን ነው የሚለያዩት?»

መዝገበ ቃላቴን ላመጣ ተነሳሁ።